አልጋው ደጅ የዋለ ቀን

ፀሐይ የመታው የጠፍር ሽታ ዛሬም ፊቴን ያስሸፍነኛል። ዛሬ ጠዋት፣ እዚህ ደሴ፣ የልጅ ልጄ አሮጌውን የጠፍር አልጋዬን ትኋኑን ፀሐይ ይፍጀው ብላ ደጅ አወጣችው። ቆዳው ሲሞቅ ያ ሽታ መጣ። «ኧረ አስገቢው፣ ሰው ያያል» ብላት ሳቀችብኝ። «እማምዬ፣ ማን ሊያይሽ?» አለች።

ያደግሁት መካነ ሰላም ነው፣ ዝናብ ቆርቆሮውን ሲመታው ሰው የማያነጋግር ቤት ውስጥ። አባቴ ያንን ቤት አስይዞ በብድር የወፍጮ ሞተር ገዛ። ሞተሩ ዓመት ሳይደፍን ተቃጠለ። ዱቄቱ ገና ከግድግዳው ሳይራገፍ ሞተሩን ዝገት በላው፤ ብድሩ ግን እንዳለ ነበር። በኋላ አበዳሪዎቹ ቤቱን በሐራጅ ሊሸጡት ቀን ቆረጡ፣ ያውም በገበያ ቀን። አባቴ ያን ከሰማ ወዲህ እህል አልወርድ አለው። «ስሜ ገበያ መሀል ከሚጠራ ቤቴ ይቅርብኝ» ይል ነበር።

ገዢ ከኩታበር መጣ፣ የእህል ነጋዴ። አባቴ አንዲት ዶሮ ሲገዛ ተከራክሮ ጀምበር የሚያስጠልቅ ሰው ነበር። ያን ቀን ግን ሰውየው የጠራውን ዋጋ እንደሰማ ዓይኑን መሬት ላይ ጥሎ «እሺ» አለ። ዕዳው ተከፈለ፣ ሐራጁ ቀረ። እኛም ማንም ሳይሰማ በማለዳ ወጥተን ገጠር፣ የእናቴ ወንድም ዘንድ ልንገባ ተመከረ። ለጎረቤት ምን እንደሚባል ማንም አላነሳም።

በመውጫችን ማለዳ ዕቃችንን ሊጭን የተከራየነውን መኪና ጭቃ ያዘው መሰለኝ፣ በሰዓቱ አልመጣም። እኛ ደግሞ ቸኩለን ዕቃውን አውጥተን ነበር፤ ከሁሉ ፊት የአባቴን የጠፍር አልጋ። እንግዲህ በእኛ አገር አልጋ በማለዳ ደጅ የሚወጣው ሰው ሲሞት ነው፣ ለለቀስተኛ ቦታ እንዲለቅ። ሳናውቅ ቀርተን አይደለም፣ ሐሳብ ልባችንን ወስዶት እንጂ። ውኃ ልትቀዳ የወጣች ጎረቤት አልጋውን አይታ እሪ አለች። ወዲያው ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ደረሱ። የቅሬው፣ እናንተ እድር የምትሉት፣ ወንዶች የድንኳን እንጨት ተሸክመው መጡ። እናቴን እያቀፉ «ማን ነው? ማን ነው?» ይሏታል፤ እሷ ታለቅሳለች እንጂ አትናገርም። እኔ ኮረዳ ነበርኩ። ከአልጋው ጀርባ ተቀምጬ ፊቴን በሻሼ ሸፈንኩ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ምነው ሰው ሞቶ በሆነ ብዬ ተመኘሁ።

አባቴ ከቤት ወጣ። «የሞተ የለም» አለ። «ቤቱን ሸጬው ነው።»

እንጨት የተሸከሙት ተያዩ። አንዱ ቀስ ብሎ «ታዲያ ንፍሮው ተጥዷል፣ ማን ሊበላው ነው?» ሲል አንዳንዱ ሳቁን በጋቢው ዋጠ። አባቴ ሰማው። አንገቱ ሲሰበር አየሁ።

ይሄኔ አጥር የምንጋራቸው አሮጊት፣ ከመስገጃቸው የማይለዩት፣ ሰዉን ገፋ ገፋ አድርገው መጥተው አልጋው ሥር መሬት ላይ ተቀመጡ። «አብሽር፣ ልጄ» አሉት አባቴን። ወደ ሰዉ ዞረውም «የሚለቀሰው ለሰው ብቻ ነው ያላችሁ ማን ነው? ተቀመጡ» አሉ።

ተቀመጡ። ድንኳን አልተተከለም፤ ንፍሮውን ግን ያ ቀልደኛ ራሱ አመጣው። ሟች እንደሚወሳ ቤቱን አወሱት፦ ምሰሶውን ማን እንደተሸከመ፣ ጭቃውን ማን እንደረገጠ፣ ሲመረግ ማን ተንሸራቶ ገንዳው ውስጥ እንደወደቀ። ለካ ቤቱ የእነሱም ነበር። መኪናው ሲመጣ ዕቃውን የጫኑት እነሱ ናቸው። ሴቶቹ ነጠላቸውን ሳያቀኑ እስከ መንገዱ ሸኙን። አባቴ ያኔ ነው ያለቀሰው፣ ጋቢውን ተከናንቦ።

አሁን ሊመሽ ነው። አልጋዬ ከጠዋት ጀምሮ ደጅ ነው። ጎረቤቶቻችን ባጠገቡ ሲወጡ ሲገቡ ዋሉ።

ማን ሞተ ብሎ የጠየቀ የለም።