ቅቡ የለቀቀ ጭልፋ

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለንስሐ አባቴ የሻርኩትን ጾም፣ ያማሁትን ጎረቤት ሁሉ ስናዘዝ ኖሬአለሁ፤ የዳርሚን ነገር ግን ሁልጊዜ እዘልላለሁ። እሳቸውም «እግዜር ይፍታሽ» ብለው ያሰናብቱኛል፤ እኔም ሳልፈታ ቤቴ እገባለሁ። አሁን ደከመኝ። እርስዎ የሚያነቡት፣ ይስሙኝ።

ባለቤቴ ነገሌ ካምፕ ሻምበል በነበረ ጊዜ የጣሊያን የገበታ ዕቃ መሰብሰብ እወድ ነበር። ጣሊያን ሲወጣ ጥሎት የሄደው በየሰዉ ቤት ተበትኖ ነበር። ከሜጋ ትልልቅ ሹካ አስመጥቻለሁ፤ ወደራ ገበያ አንዲት ሴት ጨው ስትሰፍርበት ያየሁትን የሾርባ ጭልፋ ለምኜ ገዝቻለሁ። መለያውን ያስተማረኝ ክብረ መንግሥት ያለ አንጥረኛ ነው። ንጹሕ ብር ከሆነ ከእጀታው ጀርባ ስምንት መቶ የሚል ቁጥር ተመትቶበታል፤ የፋብሪካው ፊደል ብቻ ካለበት ግን ናስ ነው፣ ላዩን ብር የተቀባ። የኔዎቹን ሁሉ ገልብጬ አይቻለሁ። ቁጥር ያለበት አንድም አልነበረም።

ታዲያ ለካምፑ ሴቶች ምን አልኩ? ንጹሕ ብር ነው አልኩ። ማን ጠየቀኝ? ማንም። የመኮንን ሚስቶች በዚያ ቆላ ሌላ የምንፎካከርበት ነገር አልነበረንም።

ዳርሚ ሠራተኛዬ ነበረች፤ አባት እናት የሌላት የቦረና ልጅ። ዋስ ሆነው ያስገቧት አጎቷ ኦቦ ጉዮ ናቸው። ለፋሲካ የኮሎኔሉን ባለቤትና የካምፑን ሴቶች ምሳ ስጠራ ጭልፋው ጠቁሮ ነበርና «እስኪያበራ ድረስ በአመድ ፍቂው» አልኳት። ቅብ በአመድ አይታሽም። አውቃለሁ፤ አንጥረኛው ነግሮኛል። ንጹሕ ብር ነው እያልኩ ከርሜ «ቀስ በይ፣ ይለቃል» ማለት ግን አፈርኩ። ልጅቷ ታዛዥ ነበረች፤ ፈተገችው።

ገበታ ላይ የኮሎኔሉ ባለቤት ወጥ ሊያወጡ ጭልፋውን አነሱና ገልበጥ አድርገው አዩት። ሆዱ ቢጫ ሆኗል። «እንዴ፣ ይኼማ ናስ ነው!» አሉ። ከዚያ በሐዘኔታ አዩኝና «ሠራተኛሽ ብሩን ወስዳ ለውጣብሻለች እኮ፣ የኔ እናት» አሉ። ሁሉም ወደ ዳርሚ ዞሩ።

«እትዬ፣ አንቱ አይደሉ ፍቂው ያሉኝ? ዋቀቱ ቤካ፣ እግዜር ያውቃል!» አለች።

እኔ ምን አልኩ? ምንም። ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ የኔ ግን እዚያው ገበታ ላይ ነቀዘ። «ቅብ ነው፣ ያስፈተግኳትም እኔ ነኝ» ማለት ያን ያህል ይከብድ ነበር? አይከብድም። ሰው እንዳይስቅብኝ ብዬ ነው ልጅቷን የሸጥኳት። በማግስቱ አስወጣኋት።

ዋስ ናቸውና ኦቦ ጉዮ መጡ። «ናጋ» ብለው ሰላምታ ሰጥተው ገቡ፤ እንደ ልማዳቸው ስለ ጤናዬ፣ ስለ ባሌ፣ ስለ ዝናቡ ሳይጠይቁኝ ወደ ነገሩ አልገቡም። ከዚያ ከጨርቅ ፈተው አንድ የብር አምባር ጠረጴዛው ላይ አኖሩ።

«እሜቴ፣ የእናቷ ነው። ስትዳር ታደርገዋለች ብለን ያስቀመጥነው። ለጭልፋው ይሁን። ልጅቱን ግን ሌባ አይበሏት» አሉኝ።

ወሰድኩት። ይሰሙኛል? ወሰድኩት። የለመኑኝንም አልፈጸምኩም። ወሬው ካምፑን ሲዞር እንደገና ዝም አልኩ፤ ከዚያ በኋላ በነገሌ የሚቀጥራት ቤት ጠፋ። ወደ ሜጋ ሄደች ሲሉ ሰማሁ። አልፈለግኋትም። ወጣት ነበርኩ ልበል? እሷ ከኔ ይልቅ ልጅ ነበረች።

ዛሬ ዕቃዎቼ ሁሉ ቅባቸው ለቆ ቢጫ ሆነዋል፤ ሲያልቅ አያምር። አምባሩ ግን አብሯቸው ሳጥን ውስጥ አለ። ይጠቁራል፤ በጨርቅ ሳሸው ይነጣል። ያኔ ወስጄ ለአንጥረኛው አሳይቼው ነበር፤ ይህን ማድረጌስ ምን ይባላል? እሱም በእጁ መዘን አድርጎ «ይኼስ ንጹሕ ብር ነው» አለኝ።

ይቅር ይበሉኝ አልልዎትም፤ ይቅር ማለት የእርስዎ አይደለም። ዕድሜዬን ሙሉ ከሰበሰብኩት ሁሉ እውነተኛ ብር እሱ ብቻ ነው፤ እሱም የዳርሚ ነው።