ከሞያሌ መጣ ያልኩት መብራት

ባለፈው ሳምንት ልጄ ከአዲስ አበባ ስትመጣ በእጅ የተሠራ የመብራት ሽፋን ይዛልኝ መጣች። «እማዬ፣ ይሄ የድሮ ዲዛይን ነው፤ ፋሽኑ አሁን ተመልሷል» ብላ ልታስረዳኝ ስትጀምር ሳቄ አመለጠኝ። የድሮውንማ ለእኔ ማን ይነግረኛል!

በጃንሆይ ዘመን ነው። ነገሌ ውስጥ አንድ ነጋዴ ሞተር አስመጥቶ ለየቤቱ መብራት ማደል የጀመረ ሰሞን፣ እኔ ገና አዲስ አስተማሪ ነበርኩ። ባለሱቁ አባቴ ዓይኑን ታክሞ ከተመለሰ ወዲህ ራቁቱን የተንጠለጠለ አምፖል እንደ በርበሬ ያቃጥለው ነበር። ሞተሩ ሲነሳ እሱም ተነስቶ ደጅ ይቀመጣል። እኛ ሩዛችንን እየበላን ስንጫወት፣ እሱ ጨለማው ውስጥ ሆኖ በሳቃችን ይስቃል። ያ ነገር አንጀቴን ይበላኝ ነበር።

አንድ ቀን በውጭ አገር መጽሔት ላይ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው፣ የተሰፋ የመብራት ሽፋን አየሁ። ለአባቴ ዓይን መከለያ እንዲሰፉልኝ ብዬ ወተት ለሚያመጡልን ለአደ ሎኮ ወስጄ አሳየኋቸው። አደ ሎኮ ከቁጥቋጦ ሥር የወተት ዕቃ በመስፋት ስማቸው እስከ ወደራ የተሰማ ሴት ነበሩ። ሥዕሉን አይተው ከንፈራቸውን መጠጡ።

«የማን ልጅ ናት የሰፋችው? ይሄ እኮ ያፈሳል!»

ዝናቡ ሊገባ ሲል ሰፍተው አመጡልኝ። ምን ልበላችሁ! ከላይ ጠበብ፣ ከታች ሰፋ ያለ፣ ስፌቱ ሲዳስሱት ቆዳ የሚመስል። እንደ ልማዳቸው በወይራ ጭስ አጥነውታል። አመሻሽ ላይ ሰቀልነውና ሞተሩ ተነሳ፤ ክፍሉ ግን ጨለመ። ብርሃኑ ጠረጴዛው ላይ ክብ ሠርቶ ቀረ፤ በጎን በኩል ቅንጣት አይወጣም።

«ትንሽ ቀዳዳ ቢኖረው...» ብል ተቆጡ።

«ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ የሚያፈስ ዕቃ ከእጄ ወጥቶ አያውቅም። ገበያ ላይ ሴቱ ምን ይለኛል?»

እውነታቸውን ነው፤ በዚያ አገር ዕቃዋ ያፈሰሰባት ሴት መሳቂያ ናት።

አባቴ ከደጅ ተጠርቶ ገባና ተቀመጠ። ዓይኑን አላቃጠለውም።

«አላህ ይስጥልኝ አደ ሎኮ፤ ከእንግዲህ ከልጆቼ ጋር እበላለሁ።»

«ልጅዎን ያይዋታል?» አሉት።

«እጇን አያለሁ። ፊቷን እንኳ አላየሁም።»

አደ ሎኮ ቀና ብለው ሽፋኑን አዩት። ኋላ «አውርጂው» ብለውኝ ወስፌያቸውን አወጡ፤ በገዛ እጃቸው የሰፉትን ዙሪያውን ይበሱት ጀመር። በእያንዳንዷ ቀዳዳ የሚወጉት እሳቸው ይመስል ፊታቸው ይጨማደዳል። መልሰን ስንሰቅለው ብርሃኑ እንደተዘራ ማሽላ ግድግዳው ላይ ተበተነ። አባቴ ቀና ብሎ አየኝ።

«ከስተሻል እኮ!» አለኝ።

አደ ሎኮ ሲወጡ «እኔ መስፋቴን ለማንም እንዳትናገሪ» አሉኝ። ማልኩላቸው። ከዚያ ወዲያ «ከየት ነው?» ለሚለኝ ሁሉ «ከሞያሌ» ሆነ መልሴ። አንዴ እንግዶቼ የሞያሌውን ባለሙያ ሲያሞግሱ፣ አደ ሎኮ እዚያው መብራቱ ሥር ሻይ ይጠጡ ነበር። «ጥሩ ነው፤ ግን ያፈሳል» አሉ፣ ፈገግታቸውን በብርጭቆው ሸፍነው።

አባቴም አደ ሎኮም ካለፉ ቆይቷል። ሽፋኑ ግን አለ፤ አምፖሉ ሲሞቅ ዛሬም ወይራ ወይራ ይላል። ልጄ ያመጣችውን አጠገቡ ሰቀልነውና ሁለቱን አስተያየች።

«የሞያሌው ይበልጣል» አለች።

«ሞያሌ አይደለም» አልኳት። «አደ ሎኮ ናቸው የሰፉት።»

ስማቸውን ከሥራቸው ጋር አንድ ላይ ስጠራ የመጀመሪያዬ ነበር። ካሉበት ሆነው ይቆጡኝ ይሆናል። ይቆጡኝ።