ወንዙ ወሰን አልነበረም

አገር በካርታ ላይ ተከፋፍሎ ስታዩ፣ መስመሩን ያሰመረው ሰው የራሱ እርሻ ከመስመሩ በየትኛው ወገን እንደነበረ ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ሁልጊዜ እጠይቃለሁ። ዕድሜዬን ሙሉ ጂኦግራፊ ያስተማርኩ፣ ያገኘሁትን መጽሐፍ ሁሉ ያነበብኩ ሴት ነኝ፤ ይህን ጥርጣሬ ግን ከመጽሐፍ አላገኘሁትም። ያገኘሁት ከተረት ነው።

ልጅ ሳለሁ፣ በሀድያ አገር ከሆመቾ ከተማ ብዙም በማይርቅ መንደራችን፣ ማታ ማታ ከብቶቹ ገብተው ማመስኳት ሲጀምሩ፣ አጎቴ ኤርጃቦ አንገቱን ዝቅ አድርጎ በበሩ ይገባና ከምድጃው አጠገብ በርጩማ ስቦ ይቀመጥ ነበር። ኤርጃቦ የአባቴ ታላቅ ወንድም ነው። አባቴ ከሞተ ወዲህ አንድ ምሽት አልቀረም፤ መንደርተኛውም «ለሙት ልጆች አባት ሆነላቸው» እያለ ይመርቀው ነበር። ያኔ እኔም፣ ታናሽ ወንድሜ ዴታሞም፣ የአጎቴ ልጆችም ሳሉን ከደጅ ስንሰማ ቦታ ለመያዝ እንጋፋ ነበር። የእርጥብ ባሕር ዛፍ ጭስ ዓይናችንን እየቆጠቆጠን፣ ነፋስ በገባ ቁጥር የኩራዙ ብርሃን ጥላችንን ከግድግዳ ወደ ጣሪያ እያዘለለው፣ እርሱ አፉን ሳይከፍት እኛ አፋችንን ከፍተን እንጠብቀው ነበር።

አጎቴ በወጣትነቱ የጭነት መኪና ረዳት ሆኖ አገር ዞሯል። ስለዚህ ተረቱ እንደ ሌላው ሽማግሌ ስለ ጅብና ስለ ጦጣ ሳይሆን ስለ አገር ነበር። ተረቱን በሀድይኛ ይጀምረዋል፤ የአገሮቹን ስም ግን፣ ትምህርት ቤት ስንገባ እንዳናፍር እያለ፣ በአማርኛ ያስጠናናል። ከምድጃው ዓመድ በእንጨት ጠርጎ ያወጣና በመዳፉ ይደለድለዋል። «በመጀመሪያ አገሩ ሁሉ እንዲህ ለጥ ያለ ነበር» ይላል። «ሰውም ‹ይህ የኔ ነው፣ ያም የኔ ነው› እያለ ሲፋጅ፣ ፈጣሪ ጩኸቱ ሰለቸውና ወርዶ ጣቱን በምድር ላይ ጎተተ።» ይህን ሲል የራሱን ወፍራም ጣት በዓመዱ ላይ ይጎትታል። «የጣቱ ፈር ወንዝ ሆነ። ወዲህ ያለው ወዲህ፣ ወዲያ ያለው ወዲያ ቀረ።»

ዓመዱን ቆልሎ ደጋ ያደርጋል፣ ጭሮ ቆላ ያወጣል፣ በመሀል ያለውን ወይና ደጋ በጥፍሩ እየነካ «እኛ እዚህ ነን» ይላል። አንዳንዴ ፍም ያነሳና ከዳር አስቀምጦ፣ «ይህ አፋር ነው፤ የነካ ይቃጠላል!» ሲል በሳቅ እንፈርሳለን። እውነቱን ልናገር፦ ከዚያ በኋላ ብዙ ካርታ አይቻለሁ፣ እንደዚያ ዓመድ ያለ ግን አላየሁም። የሚያናድደኝም ይኸው ነው።

ከዚያ ጥያቄው ይመጣል።

«ጎጃምን ከሸዋ የለየው?»

«ዓባይ!»

«ወላይታን ከዳውሮ?»

«ኦሞ!»

«እንግዲያው ወሰን ማለት ምንድን ነው?»

«ወንዝ!» እንላለን፣ ላሞቹ ደንግጠው ጆሯቸውን እስኪያቆሙ ድረስ። ቀድሞ ለመለሰ ከኪሱ የባቄላ ቆሎ ይዘግንለታል። ዴታሞ ቆሎ ስለሚወድ ሁልጊዜ የሚቀድመው እርሱ ነበር።

በመጨረሻም ስለ አንድ ሆዳም ሰው ይተርክ ነበር። ሰውየው በዚህኛው የወንዝ ዳር ያለው መሬት አልበቃው ብሎ ማዶ ተሻግሮ እንሰት ተከለ። እንሰቱ አማረ፣ ወፈረ፤ በተቆፈረ ጊዜ ግን ሥሩ ውስጥ ውሃ ብቻ ተገኘ፤ የሰውየውም ልጆች ተራቡ። «የፈጣሪን ጣት የተሻገረ እንዲህ ይሆናል» ብሎ አጎቴ ሲያበቃ ትንንሾቹ ይንቀጠቀጡ ነበር።

እኔ ግን አንድ ምሽት አላስቻለኝም። «ታዲያ አጎቴ፣ የእኛ እንሰት ከወንዙ ወዲያ ምን ይሠራል?» አልኩት።

እውነቴን ነው። ቤታችን ከወንዙ ወዲህ ነበር፤ የአባቴ ትልቁ የእንሰት ቦታ ግን ማዶ ነበር፣ ለክፉ ቀን ሳይነካ የሚቆይ፣ አንዱ ተክል ቤተሰብ የሚያከርም። ከእርሱ በላይ፣ በዳገቱ ላይ፣ የአጎቴ መሬት ይጀምራል። በሁለቱ መካከል የወሰን ኮርች ተተክሎ ነበር፤ ኮርች ቅርንጫፉን ቆርጠው ቢሰኩት የሚበቅል፣ አበባው እሳት የሚመስል ዛፍ ነው። በእኛ ዘንድ ወሰን ሲተከል የሰፈሩ ልጆች ይጠራሉ፤ ሽማግሌ ይሞታል፣ ልጅ ግን ይቆያል ተብሎ። የመሬቱ ባለቤት የእያንዳንዱን ልጅ ጆሮ ዛፉ ሥር ይጎትታል፣ ሕመሙን ያስታወሰ ቦታውን ያስታውሳልና። ከዚያ ትኩስ ቆጮ በቅቤ ይበላል። አባቴ የእኔንም ጆሮ ጎትቷል። ዴታሞ ያኔ በእናቴ ጀርባ ላይ ነበር።

አጎቴ ጥያቄዬን ሰምቶ ዓመዱን በመዳፉ መልሶ ደለደለ። ቀጥሎ ሳቀ። «ይህቺ ልጅ ጠበቃ ሳትሆን አትቀርም!»

እናቴ ከጓዳ ሆና፣ «አንቺ፣ አፍሽን ያዢ! ተረት እኮ ነው!» አለችኝ።

እናቴ የከምባታ ልጅ ናት፤ ከዳምቦያ ነው ያገቧት። ሀድይኛዋ ላይ የአገሯ ዜማ ስለማይጠፋ የአባቴ እህቶች ይቀልዱባት ነበር። አባቴ እንደሞተ አጎቴ በወግ እንዲወርሳት ሽማግሌ ልኮባት፣ «ልጆቼን በእንሰቴ አሳድጋለሁ» ብላ መልሳለች። ይህን ያኔም አውቅ ነበር፤ ግን ከዓመዱ ጋር አላያያዝኩትም። ከዚያ ምሽት ወዲያ ቆሎ ለእኔ እንደማይደርስ ግን አስተዋልኩ።

ክረምቱ አልፎ ማዶ ስንሻገር ኮርቾቹ አልነበሩም። «ለአጥር ተቆርጠዋል» ተባለ። ማን ቆረጣቸው የሚል አልነበረም። ብዙም ሳይቆይ አጎቴ ለሽማግሌ አቤት አለ፦ ሟች ወንድሜ በውሰት የያዘው ቦታዬ ይመለስልኝ ብሎ። ሽማግሌዎቹ ከመንደሩ ዝግባ ሥር ተቀመጡ፤ እናቴ ነጠላዋን እስከ ግንባሯ ስባ ከዳር ቆመች። ዛፉ ስለሌለ፣ በወጉ መሠረት ልጆቹ ተጠሩ፤ እኛና የአጎቴ ልጆች።

«ልጆች» አለ ዋናው ሽማግሌ፣ «እውነት ከእናንተ ጋር ናት። የእነ ዴታሞ መሬት ወሰኑ የት ነው?»

«ወንዙ!» አሉ በአንድ ድምፅ፣ ልክ በምድጃው ዳር እንደሚሉት፣ በዚያው ዜማ። ከሁሉም የቀደመው ወንድሜ ነበር። ብሎም እጁን ቆሎ ሊቀበል ዘረጋ። ልጁ ምን እንደጠበቀ ማንም አልገባውም፤ እኔና አጎቴ ብቻ አወቅን።

«ኮርቹ ነው!» ብዬ ጮህኩ። «ዳገቱ ላይ ነበር! አባዬ ጆሮዬን ጎትቶኛል!»

ሽማግሌው በፍቅር ዓይን አየኝና፣ «አንቺ የኔ ልጅ፣ ነገ የሰው ቤት ነሽ። የሴት ጆሮ ወሰን አይጠብቅም» አለ። ተሳቀ። አጎቴ አልሳቀም፤ አንገቱን ደፍቶ፣ «ሕፃናት አይዋሹም» አለ በሐዘን ድምፅ።

ተፈረደ። በወጉ ነገር የሚዘጋው የተረታው ሰው ይቅር ብያለሁ ሲል ነውና፣ እናቴን «በዪ» አሏት። አንድ ጊዜ ወደ ማዶ ተመለከተችና «ይቅር ብያለሁ» አለች። ሣር ተነጨ፣ ምርቃት ወረደ፣ ሰዉ ተበተነ። ማታ አጎቴ እንደ ልማዱ መጥቶ በርጩማውን ሳበ። እናቴም ቦታ ለቀቀችለት።

በቀጣዩ የረሃብ ወቅት የሚቆፈር እንሰት አልነበረንም። እኔ ሆሳዕና ከተማ፣ ከሰሜን መጥቶ በሚያስተምር መምህር ቤት ለሥራ ተሰጠሁ፤ ውሃ እየቀዳሁ፣ ልጆቻቸውን እያዘልኩ፣ የመምህሩን መጻሕፍት አነበብኩ። ከዚያ ተማርኩ፣ አስተማሪ ሆንኩ፣ ድሬዳዋ ገባሁ፤ በዚያው አረጀሁ።

ስለ ወሰን የተጻፈ ነገር ሲገኝ ሳላነብ አላልፍም። አንዱ መጽሐፍ አገሩን በከፍታ ይከፍላል፣ ሌላው በዝናብ፣ ሌላው በአፈር። ጠቅላይ ግዛት የነበረው ክፍለ ሀገር ሆነ፣ ክፍለ ሀገሩ ክልል ሆነ፤ በየዘመኑ ባለ ጣት ሰው ይወርድና ይጎትታል። ከሁሉም የገረመኝ ግን አገርን በወንዞች ተፋሰስ የሚከፍለው ካርታ ነው። በእርሱ ላይ ወንዝ መሀል እንጂ ወሰን አይደለም፤ ግራና ቀኙ ዳር አንድ አገር ነው፣ መስመሩም የሚያልፈው ከላይ፣ በዳገቱ አናት ላይ ነው። ልክ ኮርቾቹ በቆሙበት። ያን ካርታ ክፍል ውስጥ በሰቀልኩ ቁጥር ጆሮዬ ይሞቀኝ ነበር።

በቅርቡ የዴታሞ ልጅ ከሆሳዕና ደወለልኝ። ከተማዋ የክልል መቀመጫ መሆኗን፣ መንገዱ መስፋቱን፣ ቤቱ መብዛቱን ሲነግረኝ ቆየና ድምፁን አለሰለሰ። «አክስቴ፣ የአያቴ ወንድም ልጆች ሽማግሌ ልከዋል። የድሮው ቂም ይፍረስ እያሉ ነው። አባዬም ይቅር ብሏል። የቀሩት እርስዎ ብቻ ነዎት።»

«መሬቱ በማን እጅ ነው?» አልኩት።

«እሱማ... በእነሱ ነው።»

«ምን ሊሆን ነው?»

ጥቂት ተንተባተበ። «ቤት ሊሠራበት የፈለገ ሰው ነበር። ግን መንደርተኛው የሙት ልጅ እንባ ያለበት ቦታ ነው ብሎ አስፈራራው። እርስዎ በስልክም ቢሆን ቃሉን ካሉ...»

ሳቄ መጣ። የሴት ጆሮ ወሰን አይጠብቅም ያሉት ሰዎች ልጆች የሴት አፍ ፈርተው ቆመዋል።

«አባትህ ደህና ነው?» አልኩት።

«ደህና ነው። እንደው እንደ ልጅ ሆኗል። ለልጆቼ ማታ ማታ ተረት ይነግራቸዋል።»

«የማንን?»

«የአያቴን ወንድም... አይ፣ ያን የወንዞቹን። ፈጣሪ ጣቱን ሲጎትት። በጣም ይወዱታል።»

ስልኩን ዘጋሁት። እስከ ዛሬ ካነበብኩት ሁሉ የቀረልኝ ያ የዓመድ አገር ነው፤ ዓይኔን ስጨፍን ጭሱም፣ ፍሙም፣ ወፍራሙ ጣትም ይታየኛል። ውብ ነው፣ ውሸት ነው። ልጁ ደጋግሞ ደውሏል፤ አንድ ጊዜ አንስቼ መልሴን ነግሬዋለሁ። አጎቴን ይቅር አላልኩም። ሽማግሌዎቹን ይቅር አላልኩም። በእኔ ፈንታ ይቅር ያለችውን እናቴን፣ ቆሎ የጠበቀውን ወንድሜን፣ ማንንም ይቅር አላልኩም። አልልምም።