ነጩን ዱቄት ይዤ ወደ ካዛንቺስ

ጠዋት ከቂርቆስ የወጣሁት የእህቴ የራህመት ሳል ከየት እንደመጣ ላጣራ ነው። እኔና ራህመት ለኤሌክትሪክ ምድጃ የሚሆን ሸክላ በሚሠራበት ትንሽ ቤት ውስጥ ነጭ ድንጋይ እንፈጫለን። አለቃችን «አፈር ነው፤ አፈር ሰው አይገድልም» ይላል። ሐኪሙ ግን ዱቄቱ ምን እንደሆነ ሳይታወቅ ወደ ሥራ እንዳትመለስ ነግሯታል። እሷ ሰኞ እገባለሁ ብላለች። ጎረቤታችን ጋሽ ታደሰ ካዛንቺስ ላቦራቶሪ ያለበት መሥሪያ ቤት ዘበኛ ናቸውና፣ የምትመረምር ሴት ለምነውልናል።

ለገሃር

እስከ ለገሃር በእግሬ ሄድኩ። ሌሊት ዘንቦ ጭቃው ጫማ ያስወልቃል። ዱቄቱን በፌስታል ይዞ ሰው ፊት መቅረብ ስላሳፈረኝ በቅቤ ዕቃ አድርጌዋለሁ፤ ዕቃውን በፈላ ውኃ ደጋግሜ አጥቤ ነበር።

ታክሲ ውስጥ ረዳቱ «እህት፣ ዕቃሽን እቀፊው፣ ቦታው ላይ ሰው ይቀመጥ» አለኝ።

ከኋላ አንዲት ሴትዮ «ተዋት፣ ለአማቷ ቅቤ ይዛ ነው» አለች። ሰው ሳቀ። እኔ አንገቴን ደፋሁ።

ኡራኤል

መንገዱ ተዘጋግቶ ኡራኤል ላይ ወረድኩ። ሳምቡሳ ገዝቼ በላሁ። ሽቅብ ወደ ካዛንቺስ ስሄድ እየፈረሱ ካሉት ቤቶች አቧራ ይነሳ ነበር። አፌን ሸፍኜ አለፍኩ።

ካዛንቺስ

መርማሪዋ ወይዘሮ ሳባ ረጋ ያሉ ሴት ናቸው። ዱቄቱን ትንሽ ጽዋ ላይ አድርገው ማሽኑ ውስጥ ከተቱት። ማሽኑ ዓይን የማያየው ብርሃን ያበራል፤ ዱቄቱ ከብርሃኑ የዋጠው ኮምፒውተሩ በሚስለው መስመር ላይ ሸለቆ ሆኖ ይወጣል።

«ይሄ ቅቤ አለበት» አሉ።

«ዕቃውን እኮ አጥቤዋለሁ።»

«ዱቄት የነካውን ሁሉ ላዩ ላይ ይይዛል፣ ልጄ። ቅቤውም ውኃውም ይኸው ታየ። ከሥሩ ያለውን እጠረጥራለሁ፤ ቅቤ ባለበት ውጤት ላይ ግን አልፈርምም። ሌላ የለሽም?»

ከዚያ ወደ ሥራ ልገባ ስለነበር ስፈጭ የማስረው ሻሽ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። አውጥቼ ሰጠኋቸው። ነጭ ወረቀት ላይ ቀስ ብለው አራገፉት። ማሽኑ ሲጨርስ ጎን ለጎን የቆሙ ሁለት ትንንሽ ሸለቆዎች አሳዩኝ።

«ይሄ ኳርትዝ የሚባል ጠንካራ ድንጋይ ነው። የደቀቀው ሳንባ ውስጥ ከገባ አይወጣም። አዲስ የተፈጨ ሲሆን ደግሞ ጉዳቱ ይብሳል። እናንተ የምትተነፍሱት አዲሱን ነው።»

ሻሹን ለመቀበል እጄን ዘረጋሁ።

«ሻሹ የእህትሽ ነው?»

«የኔ ነው።»

መነጽራቸውን አወለቁ። «ያስልሻል?»

«ትንሽ» አልኩ። እስከዚያች ሰዓት ማንም ጠይቆኝ አያውቅም፤ እኔም ራሴን አልጠየቅኩም።

ቂርቆስ

ስመለስ ታክሲ አልያዝኩም። ራህመት አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ጠበቀችኝ።

«እሺ፣ አፈር ነው አይደል?»

«አይደለም» ብዬ የሰማሁትን ነገርኳት። አንዴም ሳታቋርጠኝ ሰማች።

«በቃ፣ ሰኞ አልገባም» አለች። ቀና ብላም አየችኝ። «አንቺም አትገቢም።»

«ሁለታችንም ቀርተን ምን እንበላለን?»

የሷን ሳል ምንጭ ፍለጋ ወጥቼ የራሴንም አግኝቼ ገባሁ። ከጉዞው የተማርኩት ይኸው ነው፤ አንድ ቤት ውስጥ አብሮ የተነፈሰ ሰው የሌላው አስታማሚ ብቻ ሆኖ አይቀርም። መብራቱን ሳናበራ ተቀመጥን። እሷ ሳለች፤ ትንሽ ቆይቶ እኔም ሳልኩ።