ሮቤ በግራ እጇ የሸኘችው ሰው

የዚያን ቅዳሜ ጠዋት... ጋሽ አማንን የሮቤ ቀበሌ አዳራሽ መድረክ ላይ አቁመዋቸዋል። ኮታቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈው፣ ሁለቱን እጃቸውን ኪሳቸው ውስጥ ከተው ሲታዩ የሚጠየቀው ሌላ ሰው ይመስል ነበር።

ዘመኑ የደርግ ነው። ከስብሰባ መቅረት በራስ ላይ ጣጣ መጥራት ስለሆነ አዳራሹ ጢም ብሏል። እኔና አባቴም ሱቃችንን ዘግተን መጥተናል። ያኔ ጢሜን መላጨት የጀመርኩ፣ ንዴት የማይሸሸግልኝ ጎረምሳ ነበርኩ። ንዴቱ አሁንም አለ፣ ጢሙ ነው የሸበተው።

ጋሽ አማን የስፖርት አስተማሪያችን ነበሩ። አብዮቱ ከመፈንዳቱ በፊት ከተማችን ውስጥ የመጀመሪያውን የስካውት ቡድን ያቋቋሙት እሳቸው ናቸው። የነጋዴውን፣ የገበሬውን ልጅ ሰብስበው አንገታችን ላይ ስካርፍ አሰሩልን፣ ድንኳን መትከልና ቁስል ማሰር አስተማሩን። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ሶፍ ዑመር ድረስ አብረን ሄደን አንድ ድንኳን ውስጥ አድረናል።

ከወላጆቻችን ጋር ያጋጫቸው አንድ ነገር ብቻ ነው። ስካውት ከስካውት ጋር የሚጨባበጠው በግራ እጅ ነው። እኛ አገር ደግሞ ለሰው ግራ እጅ መስጠት ንቀት ነው፣ ከስድብም ይብሳል። አባቴ ይህን የሰማ ዕለት ቤታቸው ድረስ ሄዶ ጮኸባቸው።

«ልጄን ብልግና ነው እንዴ የምታስተምረው?»

«ግራ እጅ ለልብ ይቀርባል ብለን ነው፣ ወንድሜ።»

«ልብህን እዚያው ያዝልኝ። የእኔ ልጅ ሰላም የሚለው በቀኙ ነው።»

ከዚያ በኋላ በግራ የምንጨባበጠው ከከተማ ስንወጣ ብቻ ሆነ። አባቴ ግን አኩርፎ ቀረ። ጋሽ አማንን ሲያይ ለዓመታት መንገድ ይቀይር ነበር።

ወደ አዳራሹ ልመልሳችሁ። ጋሽ አማንን የሚጠይቃቸው ካድሬ ከሌላ አገር የመጣ ነው። ስለ ስካውት የሚያውቀው የኢምፔሪያሊስቶች ነው መባሉን ብቻ ነው።

«ያሰለጠንካቸው ልጆች እዚህ አዳራሽ ውስጥ አሉ አይደል? በጣትህ አሳየን። ስካውትነትንም አውግዝና ወደ ቤትህ ትሄዳለህ።»

ጋሽ አማን አዳራሹን ከዳር እስከ ዳር አዩት። እኔንም አዩኝ። ዓይናቸው ለአፍታ እንኳ ሳይቆም አልፎኝ ሄደ።

«ልጆች ነበሩ፣ አድገዋል። አሁን ባያቸውም አልለያቸው» አሉ።

«ማውገዙስ?»

«በዕድሜዬ ከሠራሁት ሥራ ደህናው እሱ ነው። አላወግዝም።»

በቃ። አብዮት ጠባቂዎቹ ወደ ጎባ እስር ቤት ሊወስዷቸው በአዳራሹ መሀል ይዘዋቸው ወረዱ። ሰዉ ሁሉ አንገቱን ደፋ። እሳቸውን ሰላም ያለ ሰው ነገ ተራው የእሱ እንደሆነ ማንም ያውቃል። እሳቸውም እጃቸውን ከኪሳቸው አላወጡም... ለካ የከተቱት እሳቸውን የጨበጠ ሰው እንዳይታሰር ብለው ነው።

ይሄ ሲገባኝ ደሜ ፈላ። እግሬ ተሰብሮ ከተራራ ላይ በጀርባቸው ተሸክመው ያወረዱኝ ሰው ናቸው። ዛሬ መሬት መሬት እያየሁ ላሳልፋቸው? አላደርገውም።

ብድግ አልኩና መንገዳቸው ላይ ቆሜ ግራ እጄን ዘረጋሁ።

ጋሽ አማን እጄን አዩ፣ ፊቴን አዩ፣ ከዚያ ግራ እጃቸውን ከኪሳቸው አውጥተው ጥብቅ አድርገው ጨበጡኝ።

ካድሬው ከመድረኩ ላይ አጨበጨበ።

«ጎሽ፣ ጓድ! አያችሁ? ሰፊው ሕዝብ ቀኙን ነፈገው። በሉ ሁላችሁም ተነሱ፣ እንደዚህ በግራችሁ ሸኙት።»

ሳቄ እንዳያመልጠኝ ጥርሴን ነከስኩ።

ቀድመው የተነሱት የድሮ ጓደኞቼ ነበሩ። አንዱ የአጋርፋ አውቶቡስ ረዳት ሆኗል፣ አንዱ ልብስ ሰፊ ነው። እየተነሱ በግራቸው ጨበጧቸው። ከዚያ ምኑንም የማያውቀው ሰው ትእዛዝ ነው ብሎ ተሰለፈ። የጋሽ አማን ከንፈር ይንቀጠቀጥ ጀመር። ካድሬው ውርደቱ የከበዳቸው መስሎታል።

ከሰልፉ መጨረሻ ላይ ሳይ... አባቴ።

አባቴ ግን የግራው ትርጉም ምን እንደሆነ ያውቃል። ለሰው ውሃ እንኳ በግራው ሲያቀብል አይቼው አላውቅም። ለካድሬው ይናገርብን ይሆን ብዬ ፈራሁ። ቀኝ እጁን ወደ ኋላው አደረገና ግራውን ዘረጋላቸው።

«ነጋቲ፣ አማን» አላቸው፣ በሰላም ሂድ ማለቱ ነው። ካድሬው ኦሮምኛ ስለማይሰማ አባቴ በዚያው ቋንቋ ጨመረላቸው፦ «እውነትህን ነው፣ ለልብ ይቀርባል።»

እዚህ ላይ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ካድሬው ግን የመጨረሻውን ስድብ ራሱ ሊሰድብ ፈለገና ወርዶ ግራ እጁን ዘረጋ። ጋሽ አማን ግራቸውን ኪሳቸው ውስጥ መልሰው ከተቱና ቀኛቸውን ሰጡት።

«ለአንተ ቀኙ ይበቃሃል» አሉት፣ ረጋ ብለው።

ሰውየው የተከበረ መስሎት ፈገግ አለ። እኛ ደግሞ አንገታችንን ደፋን፣ የአሁኑ ግን ሳቅ ለመደበቅ ነው።

ጋሽ አማን ከብዙ ጊዜ በኋላ ከስተው፣ ግን በእግራቸው እየሄዱ ከእስር ወጡ። አባቴ ሱቁን ዘግቶ እስር ቤቱ ደጅ ላይ ጠበቃቸው፣ የትኛውን እጁን እንደዘረጋላቸው መቼም አትጠይቁኝም።

አሁን ልጆቼ «ሮቤ ውስጥ ስንት ስካውት ነበራችሁ?» ሲሉኝ፣ «ከካድሬው በቀር ሁላችንም» እላቸዋለሁ።