ጠመንጃዬ ለማትስት

እኔ ሐምዱ በሕይወቴ አንዲት ጥይት ተኩሼ አላውቅም። ነገር ግን ከሞጣ እስከ ቢቸና ባለው አገር ስለ ጠመንጃ የሚወራውን የእኔን ያህል የሰማ ሰው ካለ ይምጣና ይከራከረኝ። ሥራዬ ቆዳ ነው። ሞጣ ገበያ ዳር ባለችው ጠባብ ሱቄ ማንገቻ እቆርጣለሁ፣ ዝናር እሰፋለሁ፣ ኮርቻ እጠግናለሁ። ጠመንጃ ያለው ሰው ደግሞ ማንገቻ ሊያሠራ ሲመጣ ዝም ብሎ አይቀመጥም። ሐኪም ፊት እንደቀረበ በሽተኛ የጠመንጃውን ሕመም ሁሉ ይዘረግፍልኛል።

አንዱ «ምንሽሬ ረዥም ነው፤ ቁጥቋጦ ውስጥ ስገባ አፈሙዙ እኔን ቀድሞ ይያዛል» ይላል። ሌላው «ቀልሃውን አልተፋም ይለኛል፤ በቢላ ስጎረጉር ከርከሮው የጁቤ ገብቶ ያድራል» ይላል። ሦስተኛው ማቀባበያው ትንሽ አቧራ በነካው ቁጥር እንደ በቅሎ ይገግምብኛል ብሎ ያማርራል። ትከሻ ይነክሳል፣ ይከብዳል፣ ጥይቱ ጠፋ፣ አምስት ብቻ ጎርሶ ጠገብኩ ይላል። እንዲህ ሲያማርሩት የሰማ ነገውኑ የሚጥሉት ይመስለዋል። እኔም ሰልችቶኝ «በክላሽ ለውጠውና ተገላገል!» ያልኩ እንደሆነ ጉድ ይፈላል። «ክላሽ ለሰርግ ነው! ከርከሮው ሳይሞት ማሽላው ያልቃል!» ይሉኛል። ምንሽር የያዘው ቤልጅግ የያዘውን ይንቃል፣ ቤልጅግ የያዘው ምንሽሩን ይንቃል፤ ሁለቱ ተስማምተው ደግሞ ውጅግራ ያነገተውን ምስኪን ያላግጡበታል። ሚስቱን ሲያማ የሚውል ባል ሌላ ሰው አብሮት ሲያማት እንደሚቆጣው ነው ነገራቸው።

ይህን ሁሉ የማወራው ስለ እትዬ ይርገዱ ልነግራችሁ ፈልጌ ነው። እሷ ስለ ጠመንጃ ስታማርርም ሆነ ስታወድስ ሰምቻት አላውቅም። እስከ ዛሬ እሷን ሳስብ ሰውነቴን ውርር ያደርገኛል።

ይርገዱ የምትኖረው ከቢቸና ወደ ዓባይ ቆላ በሚያወርደው ገደል አፋፍ ላይ ባለች መንደር ነው። አጭር ሴት ናት፤ ቃል ከአፏ የሚወጣው በግድ ነው። ባሏ ይግዛው ግን በሁሉ ነገር ተቃራኒዋ ነበር። ከየትኛውም ቤት ሲገባ ጎንበስ የሚል ረዥም ሰው፣ ጨዋታ አዋቂ፣ በልጅነቱ ቅኔ ቤት ገብቶ ዘረፋውን ከሞካከረ በኋላ ወደ እርሻ የተመለሰ ነው። ልጅ አልነበራቸውም። የነበራቸው ቆላ ውስጥ ያለች አንዲት የማሽላ ማሳ፣ አንዲት ማማ፣ አንድ ምንሽር ነው። እዚያ ቆላ ከርከሮ ማሽላ ውስጥ አንዴ ከገባ ጠዋት ላይ የሚታጨድ አይተርፍም። ስለዚህ ማሳ ያለው ጠመንጃ ያለው ነው፤ ጠመንጃ የሌለው ማሳውን ለእኩል ሰጥቶ የሰው እጅ ያያል።

ባልና ሚስቱ አንድ ጊዜ አብረው ሱቄ መጡ። ከአውቶቡስ ስትወርድ እጁን ይዛው ነበር። «ፀሐይ ዓይኔን ታደክመዋለች» ብሎ አግዳሚው ላይ ተቀመጠና ሁለት ነገር አዘዘኝ፤ ማንገቻው እንዲያጥርለትና ሰደፉ ጫፍ ላይ ወፈር ያለ ቆዳ እንድሰፋለት። ሰደፉን ሳየው ተቆርጧል። አናጢ ነው የቆረጠው፣ እንጨቱ ገና ነጭ ነው።

«ምን ነካው?» አልኩት።

«ተሰንጥቆብኝ ነው ያስቆረጥኩት» አለኝ። «ከዚያ ወዲህ ክፉኛ ይነክሳል።»

«አንተን የሚያህል ሰው የሚነክስ ጠመንጃስ ጥርሱን ማስነቀል ነው» አልኩት። እስኪበቃው ሳቀ። የማንገቻውን ልክ ያሳየችኝ ግን ይርገዱ ናት። ከትከሻዋ እስከ ዳሌዋ በጣቷ መስመር አስምራ «ከዚህ እስከዚህ» አለችኝ። እኔም ቆረጥኩ። የታዘዝኩትን ነው የቆረጥኩት፤ ለምን ብዬ አልጠየቅሁም።

በእነዚያ ዓመታት የይግዛው ዝና ከፍ እንዳለ ነበር። «ይግዛው አይስትም» ይባላል። ማሳቸው የተበላባቸው ገበሬዎች ይለምኑታል፤ እሱም ምንሽሩን ይዞ፣ ስንቁን ሚስቱን አሸክሞ ይወርዳል። ሚስቱን ካልያዘ ቆላ አይወርድም ብለው ጓደኞቹ ያሾፉበት ነበር። «ስንቋ ይጣፍጣል» ይላቸዋል። አመሻሹ ላይ አንዲት ተኩስ ትሰማለች። ሁለተኛ የለም። ወዲያው የይግዛው ድምፅ ገደሉን ያናጋዋል፤ «ዘራፍ! ዘራፍ የቆላው!» ብሎ ሲፎክር ማዶ ያለው ሰው ሁሉ ሥራውን ትቶ ያዳምጣል። ከርከሮው ከጆሮው ሥር ተመቶ ይገኛል።

ከዚያ ይግዛው በሳምባ በሽታ ታመመና ሞተ። ሲሞት ታናሽ ወንድሙ ፋንታ እጁን ይዞት፣ ይርገዱ እግሩ ሥር ተቀምጣ ነበር። ጎረቤትም ቤቱን ሞልቶታል። ስለ ማሳውም ስለ ቤቱም ከተናዘዘ በኋላ በመጨረሻ «ጠመንጃዬ ለማትስት ይሁን» አለ። ሌላ ቃል አልተናገረም።

ጠቡ የመጣው ከዚህች ከአንዲት ቃል ነው። ፋንታ «እጄን ይዞ ለእኔ ነው ያለው፤ አንተ ለማትስት ማለቱ ነው» አለ። ፋንታ መጥፎ ሰው አይደለም፤ ወንድሙን ይወድ ነበር፣ ተኩስም ያውቃል። የሟች ጠመንጃ በወንድ ቤት ግድግዳ ላይ ይሰቀላል የሚለውም እሱ የፈጠረው ወግ አልነበረም። ይርገዱ ደግሞ ጠመንጃውን አልሰጥም አለች። ለምን እንደሆነ ስትጠየቅ «ለእኔ ነው ያለው» ከማለት በቀር ምንም አትጨምርም። ሰዎች ቢቸና ሄዳ እንድትከስ መከሯት፤ ሕጉ ሚስትን ይደግፋል፣ ፍርድ ቤቱም ያለው እዚያው ነው። «ስሙን በየችሎቱ አላስጠራም» አለች። ጠመንጃውን ካጣች ግን የቆላው ማሳ አለቀለት፤ ከዚያ ወዲያ የምትኖረው በፋንታ ምጽዋት ነው።

ሽማግሌዎች የተቀመጡ ዕለት እኔ ከጉንደ ወይን ጀምሬ ቆዳ ስገዛ መጥቼ እዚያው መንደር ነበርኩ። «ሐምዱ እስላም ነው፣ እዚህ ዘመድ የለውም፤ ለማንም አያደላም» ብለው አስቀመጡኝ። ከይርገዱ አውድማ ዳር፣ ፀሐይ ሳትከር ተሰበሰብን። ከመካከላችን የኔታ አካለ ወልድ ነበሩ፤ ይግዛውን በልጅነቱ ያስተማሩት የቅኔ መምህር እሳቸው ናቸው።

«ነገሩ ከሰዋስው ነው» አሉ የኔታ፣ ጭራቸውን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው። «‹ለማትስት› ሁለት መንገድ አላት። ‹አንተ የማትስት› ካልን ቅርብ ወንድ ናት። ‹እርሷ የማትስት› ካልን ግን ሩቅ ሴት ናት። ፊደሏ አንድ፣ ድምጿ አንድ። ይግዛው ተማሪዬ ነበር፤ ይህን ሳያውቅ አልተናገራትም። ሰሙን ሰምተናል። ወርቁን ያስቀመጠው ለማን እንደሆነ ግን እሱና እግዜር ናቸው የሚያውቁት።»

«ሩቅ ሴት?» አለ ፋንታ ተናድዶ። «ሚስቱ እግሩ ሥር ተቀምጣ እንዴት ሩቅ ትሆናለች? እኔን ነው ያለው፤ ደግሞ የማይስተው ማን እንደሆነ አገር ያውቃል!»

«ይርገዱ፣ አንቺስ ምን ትያለሽ?» አሏት የኔታ።

«የምለው የለኝም የኔታ» አለች። «እሱ ያለውን ብሏል።»

ሌሎቹ ሽማግሌዎች ቃሉ ‹ለማትስት› እስከሆነ ድረስ ተኩሰው ይለዩ አሉ። ከሸለቆው ማዶ እርከን ላይ አንድ ነጭ ድንጋይ አስቀመጡ። መጀመሪያ ፋንታ፣ ቀጥሎ ይርገዱ እንዲተኩሱ ተወሰነ። አንዳንዱ ፊቱን አዙሮ ሳቀ። ይርገዱ ቤት ገብታ ጠመንጃውን አመጣችና ለፋንታ ሰጠችው። ብረቱ ከፀጉር ቅባት በቀር ሌላ ነገር የነካው አይመስልም ነበር፤ ማቀባበያው ሲሳብ ድምፁ ለስላሳ ነው። እኔ ያን ያህል በደንብ የተያዘ ምንሽር አይቼ አላውቅም።

ፋንታ ትከሻው ላይ አደረገውና ማጉረምረም ጀመረ። «ምን አድርጋችሁት ነው ይህን ጠመንጃ? ሰደፉ የት ሄደ? አንገቴ ውስጥ ገባ እኮ!» ግራ ቀኝ አመቻቸው፣ አልመች አለው። ትንፋሹን ያዘና ቃታውን ሳበ።

ድንጋዩ ተፈነቀለ። መታው! ሰዉ «እሰይ!» ብሎ ጮኸ። ፋንታ ግን አልዞረም፣ አልፎከረም። ጠመንጃው ሲነክሰው የገዛ አውራ ጣቱ አፍንጫውን መትቶት ኖሮ ደሙ በጺሙ ላይ ይወርዳል። ሰደፉን በክርኑ መታጠፊያ አስደግፎ እጁን ወደ ቃታው ዘረጋ፤ ጣቱ ቃታውን አልፎ ሄደ። እንደገና ለካ። እንደገና አልፎ ሄደ።

«ወንድሜ ከእኔ በስንዝር ይረዝም ነበር» አለ ቀስ ብሎ፣ ለራሱ እንደሚናገር ሰው። «በዚህ እንዴት ተኮሰ?»

እኔ ግን ይርገዱ ከትከሻዋ እስከ ዳሌዋ በጣቷ ያሰመረችልኝን ልክ አስታወስኩ። አጭሩ ማንገቻ ለይግዛው አልነበረም። ይግዛው ዓይኑ ጠፍቶ ነበር፤ በኋለኞቹ ዓመታት ጥላ ያህል እንጂ አያይም ነበር ማለት ነው። ከርከሮውን ስትጥል የነበረችው እሷ ናት። ማሽላ ውስጥ ተኝታ፣ ትንፋሿን ውጣ፣ በአንዲት ጥይት። ከዚያም እሱ ተነስቶ ሲፎክር ጠመንጃውን እጁ ላይ አስይዛው፣ ስንቁን ተሸክማ ከኋላው ትመጣለች። አገር ሁሉ ሲያወድሰው ትሰማለች። አንድም ቀን፣ ለአንድም ጎረቤት፣ እኔ ነኝ አላለችም። አሁንም፣ ኑሮዋ በአንዲት ቃል ላይ ተንጠልጥሎ እያለ፣ አልተናገረችም። ያ ረቢ! አንድ ከርከሮ የገደለ ሰው ዓመት ሙሉ ሲያወራልኝ ይከርማል።

ፋንታም የገባው ያኔ ነው። ፊቱ ላይ አየሁት። ቀና ብሎ አያት፤ እሷ ከገለባው ክምር አጠገብ ቆማለች። አፉን ከፈተ፣ ሊናገር ነው። ቢናገረው ጠመንጃው ያለ ክርክር የእሷ ይሆናል። የይግዛው ስም ግን እዚያው አውድማ ላይ ገለባ ይሆናል፤ ነገ ገበያ ላይ «ሚስቱ እየተኮሰችለት ይፎክር የነበረው» ተብሎ ይሳቅበታል።

ይርገዱ ቀደመችው።

«ክንዱን አጥፎ ነበር የሚተኩሰው» አለች። ስታለቅስ ያየኋት ያን ጊዜ ብቻ ነው። «እንደዚያ ነበር ልማዱ። አንተ ስለማታውቅ ነው።»

ፋንታ ደሙን በጋቢው ጫፍ ጠረገ። ከዚያ ጠመንጃውን በሁለት እጁ አነሣና፣ ለታላቅ ሰው ዕቃ እንደሚያቀርብ ሰው ጎንበስ ብሎ ሰጣት።

«እውነትሽን ነው እትዬ» አለ። «ወንድሜ ክንዱን አጥፎ ነበር የሚተኩሰው። እኔ አልችልበትም። አይቼዋለሁ እኮ፤ ሁላችሁም አይታችኋል።»

የኔታ ዓይናቸውን ጨፍነው ራሳቸውን ነቀነቁ። ይግዛው በዚያ አጭር ሰደፍ ሲተኩስ በዓይኑ ያየ አንድም ሰው እዚያ አውድማ ላይ አልነበረም። ሁላችንም ግን አዎ፣ አይተናል አልን።