ሽምብራ የነቀልን ዕለት

ባለፈው ሳምንት ወረታ መንገድ ዳር የሽምብራ እሸት ገዛሁ። ገና ስፈለፍለው ያ ኮምጣጣ ፈሳሹ ጣቴ ላይ ተጣበቀና ሰውነቴን ውርር አደረገኝ። ለምን እንደሆነ ልንገርሽ።

በጃንሆይ ጊዜ ነው። እኔ ዘጠኝ ዓመቴ፣ እኅቴ ዐሥራ አራት። የክረምቱ ውኃ ከፎገራ ሜዳ ከሸሸ ወራት አልፎት፣ ጥቁሩ መሬት እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ አውጥቷል። እኔና እኅቴ ሽምብራ እንነቅላለን፤ አባታችን ማሳው ጫፍ ላይ ለበሬዎቹ ሣር ያጭዳሉ።

እኅቴ አንዱን ሥር መንጭቃ ስታነሣ፣ ዘይት የተቀባ የሚመስል ረዥም ነገር ከስንጥቁ ተስለክልኮ ወጣ። መዳፏ ተጭኖት ኖሮ ዞሮ ጣቷን ነከሳት።

«እባብ! አባዬ፣ እባብ ነደፋት!» ብዬ ጮኽሁ።

አባቴ እየሮጡ መጡ። የደረቀው ሽምብራ ከእግራቸው ሥር ሲንኮሻኮሽ አሁንም ይሰማኛል።

«የትኛው ጣት ነው?»

እኅቴ የቀኝ እጇን ጠቋሚ ጣት ዘረጋች። እጇን የድንበሩ ድንጋይ ላይ አስደገፉት።

«ዓይንሽን ጨፍኚ ልጄ፤ መርዙ ልብሽ ሳይደርስ» አሉና በማጭዱ ቆረጡት።

አፏ ተከፍቶ ቀረ እንጂ ድምፅ አላወጣችም። የጮኽሁት እኔ ነኝ። አባቴ ነጠላቸውን ቀደው እጇን ጥብቅ አድርገው አሰሩላትና በትራቸውን ይዘው ወደ አውሬው ዞሩ። አንዴ ሲመቱት ጅራቱ ተበጥሶ ለብቻው ይዘል ጀመር። ቀሪውን በበትራቸው ጫፍ ገለበጡት።

ሆዱ ሥር እንደ ገብስ ጢም የቀጠኑ አራት እግሮች ነበሩት።

«እንሽላሊት ነው» አሉ አባቴ። ድምፃቸው የሌላ ሰው ሆነብኝ። «መርዝ የሌለው እንሽላሊት እኮ ነው!» መሬት ላይ ዘጭ አሉ።

«እባብ ያልሁት እኔ ነኝ» ብዬ አለቀስሁ።

«ዝም በይ። አንቺ ልጅ ነሽ። ማየት የነበረብኝ እኔ ነኝ።»

ቁስሉ ለፋሲካ ዳነ። በቤታችን ከምግብ በፊት አባታችንን የምታስታጥበው እኅቴ ነበረች። ከዚያ ወዲህ ግን ውኃውን አባቴ ያዙት።

«አባዬ ይተዉ፣ ነውር ነው፤ እኔ ላስታጥብዎ» ትላቸዋለች።

አባቴ ግን አንገታቸውን ደፍተው እጇ ላይ ቀስ አድርገው ያፈሱላታል።

የተዳረች ዕለት ጠዋት፣ ሚዜዎቹ ደጅ እየጨፈሩ፣ አባቴ የውኃ ጣሳ ይዘው ሙሽራይቱ ዘንድ ገቡ። እኅቴ ያን ቀን አልተከራከረቻቸውም። ቀኝ እጇን ከቀሚሷ እጥፋት አውጥታ ዘረጋችላቸው።